በርበሬ መጋዘን ውስጥ ያየናት ሴትዮ

ዘንድሮ ሰው ወድዶ ይፈራል። ድሮ ፍርሃት ራሱ ነበር ሰውን ፈልጎ የሚያገኘው፤ ጅብ ሆኖ፣ ወረርሽኝ ሆኖ፣ ግብር ሰብሳቢ ሆኖ ደጃፍ ድረስ ይመጣ ስለነበር ማንም ፍለጋ አይወጣም ነበር። ዛሬ የልጅ ልጄ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ፣ ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ ፈንዲሻዋን ታቅፋ፣ መብራቱን በገዛ እጇ አጥፍታ፣ ፊቱ የቆሰለ ሰው ሌላውን ሰው በመጋዝ የሚያሳድድበትን ፊልም ከፍታ ትንቀጠቀጣለች። ሲያልቅም ደስ ሲል ትላለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ በአንድ ዓይኔ አያለሁ፤ ሌላው ዓይኔ ቀድሞኝ ተኝቷል። ፍርሃት እንደ ጥርስ ነው መሰለኝ፣ ዕድሜ ሲገፋ አንድ አንድ እያለ ይረግፋል።

እናቷ ግን፣ ማለትም ልጄ፣ እሷ ለኔ ትፈራልኛለች። አባባ በሩን ሳይቀረቅሩ የሚያድሩት ለምንድን ነው፣ ሌባው በዝቷል፣ ዘመኑ ከፍቷል እያለች በመጣች ቁጥር ትቆጣኛለች። ለነፋስ ነው እላታለሁ። ሽማግሌ ሰው ነፋስ ያስፈልገዋል። እናንተም ለጊዜው እንደ እሷ እመኑኝና ወደ ጨዋታችን እንለፍ።

ነገርን ነገር ያነሣዋል። በዕድሜዬ ከልቤ ያየሁት የሚያስፈራ ፊልም አንድ ብቻ ነው። እሱንም ያየሁት ቡሬ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በርበሬ መጋዘን ውስጥ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ስድሳዎቹ ገና ሀ ብለው ሲጀምሩ። እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፤ አስተማሪ ሆኜ ቡሬ ተመደብኩና ከተማው አልቆ ማሳው ከሚጀምርበት ዳር፣ አያ ገላው ከሚባሉ ገበሬ ዘንድ አንዲት ክፍል ይዤ እኖር ነበር። አያ ገላው ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሰው ይልቅ ከበሬዎቻቸው ጋር የሚያወሩ ሰው ነበሩ። በሬዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ነውና ቦራ ይባላል፤ ሌላው አመድማ ነውና ዳልቻ። እንስሳ አስተዋወቀን ብላችሁ አትታዘቡኝ። ነገሩ ሁሉ የነሱ ነገር ነው።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ የአያ ገላው ሚስት እትዬ የሺ አረፉ። ልጅ አልነበራቸውም፤ ሁለት ብቻቸውን ያረጁ ሰዎች ናቸው። እትዬ የሺ ሊሞቱ ሲያጣጥሩ፣ የንስሐ አባታቸው ቄስ አዳሙ ተጠርተው ገና መንገድ ላይ ሳሉ፣ ባላቸውን ጠጋ በል አሏቸውና እንዲህ አሉ።

"ገላው፣ ለተዝካሬ ብለህ በሬዎቹን እንዳትነካ። ክረምቱን ምን ልትበላ ነው?"

ቄሱ ደረሱ፤ እትዬ የሺ ተናዘዙ፤ ስለ በሬ ግን ሁለተኛ አላነሡም። ምናልባት አቅም አጥተው ይሆናል። ወይም በሬ በኑዛዜ መካከል የሚገባ ነገር አልመሰላቸው ይሆናል። እንግዲህ በአገራችን ኑዛዜ ኑዛዜ የሚባለው የንስሐ አባት ሲሰማው ነው። ባል ብቻውን የሰማው ቃል ኑዛዜ አይደለም፤ ባል የሚመቸውን ሰማ ይባላል። አያ ገላውም በሬ አትረድ ብላኛለች ባሉ ቁጥር ሰው ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጥና እንዴት የምትመች ሚስት ነበረች ብሎ ይሄዳል።

ስለ ተዝካር ለማታውቁ፣ ካላችሁ፣ ትንሽ ልንገራችሁ። ሰው ሲሞት ፍትሐት ይደረግለታል፤ በአርባው ወይም በኋላ ደግሞ ካህናቱ ተጠርተው፣ ጸሎት ተደርሶ፣ ድሀው በልቶ፣ ጎረቤቱ በልቶ፣ ያላዘነውም በልቶ፣ የሟች ነፍስ ይታሰባል። መልካም ነገር ነው። ክፋቱ፣ ጎጃም ውስጥ ሰው የሚመዘነው በኖረው ሳይሆን በተዝካሩ ላይ በታረደው ነበር። በሕይወቱ ሳለ ሥጋ ለፋሲካና ለገና ብቻ ያየ ገበሬ፣ ሲሞት አገሩን ሥጋ አጥግቦ ይሄዳል፤ ኋላ የቀረው ቤተሰብ ደግሞ እሱን እያሰበ ይራባል። የሞተ ተጎዳ ይባላል። የቀረውን ግን ማን አየው።

አያ ገላው መጀመሪያ ጾሙ ተገን ሆናቸው፤ አርባው ከዐቢይ ጾም ላይ ወደቀ፣ ይቆይ ተባለ። ፋሲካ አለፈ። ግንቦት ገባ። የእትዬ የሺ እህት እትዬ ብርቄ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ፣ ለአያ ገላው የሚነገረውን ነገር ለማንም ሳይሆን ለአየሩ ይናገሩ ጀመር። እህቴ በባዶ ቀረች፣ እህቴ ለፍታ ለፍታ በሬ በለጣት ይላሉ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ እህታቸውን ይወዱ ነበር፤ ፍቅራቸውን የሚያወጡበት ሌላ መንገድ ስላጡ ነው። ቄስ አዳሙ ደግሞ በለሆሳስ ተው ገላው፣ ተው ይላሉ፤ ምኑን እንደሚተዉት ግን አይናገሩም። አንዱ በሬ ቢታረድ ሌላው ብቻውን ይቀራል። ብቻውን የቀረ በሬ አያርስም፤ መቀናጆ ፍለጋ የሌላ አንድ በሬ ያለውን ሰው ደጅ መጥናት ነው፤ ዝናብ ደግሞ ደጅ እስኪጠና አይጠብቅም። ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ቢያውቅም ያው ነው።

ይህን በመሰለው ግንቦት ላይ ነው ባለ ሲኒማው የመጣው። ከደብረ ማርቆስ በኩል በጭነት መኪና፣ ሞተሩንና ማሳያውን ጭኖ፣ በየከተማው እያሳየ የሚሄድ ሰው ነው። የሚወደድለት የፈረሰኞችና የተኩስ ፊልም ነበር፤ ያንን ግን ፍኖተ ሰላም ላይ ማሳያው ውስጥ አቃጠለው። የቀረው አንድ ፊልም ብቻ ስለሆነ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ያንኑ ይዞ ቡሬ ገባ። ፍኖተ ሰላም ላይ የመሥሪያ ቤት ሰዎች አይተውት ሲስቁ እንዳመሹ ሰምተናል። ቡሬ ላይ አንድ የበርበሬ ነጋዴ መጋዘኑን ሰጠው፤ መስኮቶቹ በጆንያ ተጠቀጠቁ፤ በገበያ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ አቡጀዴ ተወጥሮ ሰው ተጠራ።

በርበሬው ከመጋዘኑ ከወጣ ሰንብቷል፤ መንፈሱ ግን አልወጣም። የቡሬ በርበሬ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ አትጠይቁኝ። ሰው በሩን ተሻግሮ ሲገባ ያስነጥሳል፤ ሲቀመጥ ዓይኑ ይቀላል፤ ሞተሩ ሲነሣና የቆርቆሮው ሙቀት ከላይ ሲወርድበት ጉንጩ ላይ እንባ ኮለል ይላል። ፊልሙ ገና ሳይጀመር አልቅሰን ጨርሰናል ማለት ነው። አቀማመጡን ማንም አላዘዘም፤ ሕዝቡ በልማዱ ሴቱ በአንድ ወገን፣ ወንዱ በሌላው ወገን፣ እንደ ቅዳሴ ተከፍሎ ተቀመጠ። ቄስ አዳሙ ከፊት ሆኑ፤ መስቀል ያለበት ፊልም ነው ተብለው ነው የመጡት። አያ ገላው አጠገቤ ተቀመጡ። ከሐዘናቸው ወጣ እንዲሉ ብዬ ለምኜ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ዝናብ፣ ገደል፣ ገደሉ ላይ ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት። ባለ ሲኒማው ራሱ ከማሳያው አጠገብ ቆሞ እየተረጎመ ይነግረናል፤ ደጋግሞ ያሳየው ስለሆነ ሰልችቶታል፤ አፉም አጭር ነው። በር ተንኳኳ፤ ተከፈተ፤ ሴትዮዋ ቆማለች።

ቆንጆ ናት። ቆንጆ ስላችሁ ዝም ብዬ አይደለም፤ ከወንዶቹ ወገን ሳል ሁሉ ቆመ። አንገቷ ረጅም፣ ዓይኗ ጥቁር፣ ቀሚሷ ደግሞ ከላይ የተቆጠበውን ጨርቅ ከታች ወለል ላይ የሚጎትት ዓይነት። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ብርድ አይመታትም ወይ ብለው ጠየቁ፤ የጠየቁበት ድምፅ ግን የአሳቢ ሰው ድምፅ አልነበረም። ቄስ አዳሙ አንገታቸውን ደፍተው መስቀላቸውን መመልከት ጀመሩ፤ ሆኖም ታሪኩ እንዳያመልጣቸው አልፎ አልፎ ቀና ይላሉ። ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ባለቤቱ ግቢ እስኪላት ድረስ እግሯን አታነሣም። ባለ ሲኒማው ይህች ሴት ካልጋበዟት አትገባም አለን። በሴቶቹ ወገን ጨዋ ናት ተባለ። ባለቤቱ ግቢ አላት፤ እውነቱን ለመናገር በዚያ መጋዘን ውስጥ ግቢ ያልናት ሁላችንም ነን።

እራት ቀረበ። ሴትዮዋ አልበላም አለች። የፊልሙ ሰዎች ምንም አልመሰላቸው፤ ወይናቸውን እየጠጡ ይስቃሉ። ቡሬ ግን ያን ጊዜውኑ ገባው። በኛ አገር እንግዳ ይግደረደራል፤ በሞቴ ይባላል፤ ይበላል። በሞቴ ተብሎም የማይበላ እንግዳ ወይ ታሞ ነው፣ ወይ ቂም ይዞ ነው፣ ወይ ደግሞ ሌላ የሚበላው ነገር አለው። ከሴቶቹ መካከል አንዷ ይች ሴትዮ ደግ አይዶለችም አለች። የቤቱ ጌታ ያንን ለማወቅ አንድ ሰዓት ፈጀበት፤ በመካከሉም ሴት ልጁን አጣ።

ልጅቱን ሴትዮዋ በየሌሊቱ ከአንገቷ ደሟን ትመጥጣት ነበርና። ቡዳ ናት፣ አይደለችም በሚል ወንዶቹ ተከራከሩ፤ ቡዳ በዓይኑ ነው እንጂ በጥርሱ አይበላም ተብሎ ክርክሩ ተዘጋ። ሴቶቹ ጠበል ውሰዷት እያሉ አባትየውን ለመኑት፤ አልሰማቸውም። ልጅቱ ነጣች፣ ከሳች፣ ሞተች። ከዚያ ቀበሯት። እንዴት ቀበሯት መሰላችሁ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች ዙሪያውን ቆመው፣ ማንም ደረቱን ሳይመታ፣ ማንም ስሟን ሳይጠራ፣ አፈር መልሰውባት ሄዱ።

ይህን ቡሬ ሊችለው አልቻለም። አንዲት አሮጊት አልቃሽ እንኳ የላትም ወይ አሉና፣ እንደ ቀልድ፣ በዝግታ፣ ወየው ልጄ ብለው ጀመሩላት። ሌላዋ ተቀበለች። ብዙም ሳይቆይ የሴቶቹ ወገን ብድግ ብሎ ነጠላውን እያዘቀዘቀ፣ ስሟን እንኳ ላላወቃት የባዕድ አገር ልጅ የወግ ለቅሶ አለቀሰላት። እንባው ከፊት ተዘጋጅቶ ነበር፤ በርበሬው አዘጋጅቶታል። ባለ ሲኒማው ሞተሩን አጥፍቶ እስኪጨርሱ ጠበቀ። ከዚያ ሲለቅ ሴትዮዋ ሬሳ ሣጥን ውስጥ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን ገልጣ ተኝታለች።

"ይህች ሴትዮ ከሞተች መቶ ዓመቷ ነው" አለ ባለ ሲኒማው። "ግን አላረፈችም።"

እትዬ ብርቄ ነበሩ የጠየቁት፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ለምን አላረፈችም አሉ። ባለ ሲኒማው ላብ ያጠምቀዋል፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ ከደብረ ማርቆስ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልተጠየቀም። እኔ ምን አውቃለሁ እናቴ፣ ዘመዶቿን ይጠይቋቸው አለ።

ቀጥሎ ማን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከሴቶቹ ወገን መምጣቱን ብቻ አውቃለሁ።

"ተዝካሯን አላወጡላትም።"

ነገሩ ሁሉ በአንድ ቃል ተፈታ። ለምን በየሰው ደጅ እንደምትቆም፣ ለምን እንደሚርባት፣ ለምን ከሰው ማዕድ አልበላም እንዳለች፤ የራሷን ድግስ የነሷት ሴት የሰው ድግስ እንዴት ይውረድላት። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ቀጠለ፤ ሦስት ወንዶች ሣጥኗን ከፍተው ደረቷ ላይ የሾለ እንጨት ተከሉባት። ቢደግሱላት ምን ነበረበት ብሎ ሰው አጉረመረመ። ቄስ አዳሙ ብቻ ሴትዮዋ መስቀል አይታ ስታፈገፍግ ደስ ብሏቸው፣ እዚያም ይሠራል አሉ። እኔ ግን የፊልሙን መጨረሻ በደንብ አላየሁትም። አቡጀዴውን የሚያይ ጥቂት ሰው ነበር። የቀረው ዞሮ አያ ገላውን ነበር የሚያየው።

ወደ ቤት ስንመለስ እሳቸው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። እኔ ያመጣኋቸው ለማጽናናት ነበርና፣ ፊልም እኮ ነው፣ ውሸት ነው፣ ሴትዮዋ ይሄኔ ቤቷ ምሳዋን ትበላለች አልኳቸው። የሰሙኝ አይመስሉም። የበሬዎቹ በረት ሲታየን ቆም አሉና ያች ሴትዮ ግቢ ካላሏት አትገባም አይዶል ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ አትገባም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈርተዋል አልኩ በልቤ፤ ዳልቻ አለቀለት አልኩ። ቦራ በዕድሜ ይበልጣል፤ የሚታረደው የሰባው ነው።

በማግሥቱ ቄስ አዳሙና እትዬ ብርቄ አንድ የአገር ሽማግሌ አስከትለው መጡ፤ ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌው ስለ ዝናቡ ጀምረው፣ በእህሉ በኩል ዞረው፣ ከብዙ መንገድ በኋላ ሟች ላይ ደረሱ። ቄስ አዳሙ የሞተ ሰው ተዝካር ካልወጣለት ይነሣል ወይ ተብለው ተጠየቁ። የተማሩ ካህን ናቸውና አሰቡበት፤ ይነሣል የሚል አላነበብኩም፣ አይነሣም የሚልም አላነበብኩም አሉ። እንዲህ ያለ መልስ ለመስጠት ብዙ ዓመት መማር ያስፈልጋል። ይሄኔ እትዬ ብርቄ ትዕግሥታቸው አለቀ።

"ትመጣብሃለች ገላው" አሉ። "እኔ እህቴን አውቃታለሁ፣ ትመጣብሃለች።"

አያ ገላው መሬቱን በጭራሮ ይጭሩ ነበር። ቀና አላሉም።

"ትምጣ" አሉ።

ሽማግሌው በደንብ አልሰማሁም አሉ። አያ ገላው ጭራሮውን ጣሉት።

"ትምጣ። በሩን ከፍቼ ነው የማድር፤ ግቢ እላታለሁ። ካላወጣሁላት የምትመጣ ከሆነ፣ ምን ብዬ ነው የማወጣላት?"

እትዬ ብርቄ ስለ በሬ ሊከራከሩ ተዘጋጅተው ነበር የመጡት፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ማንንም አልቀበርኩም፤ ሰውየው በጣም በቀለኛ ወይም በጣም ቆጣቢ ናቸው ብዬ አሰብኩ። ከሁለቱም አልነበሩም።

ቃላቸውን ጠበቁ። የበረቱን በር በእሾህ ይዘጋሉ፤ ጅብ አለና። የቤቱን በር ግን ገርበብ አድርገው፣ ኩራዝ አብርተው ያድራሉ። ግድግዳ ብቻ ነበር የሚለየን፤ የኩራዙ ብርሃን በስንጥቁ በኩል እኔ ጋ ይደርስ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስንገናኝ እንዴት አደሩ እላለሁ፣ እግዜር ይመስገን ይላሉ፣ ስለ ሌላው አንነጋገርም። ፊታቸውን አይቼ ግን አልመጣችም እል ነበር።

ታዲያ አያ ገላው ያልፈሩትን ሰፈሩ ፈራው። ነገሩን አስቡት፤ እትዬ የሺ ለመምጣት ከተነሡ የባላቸውን ቤት ብቻ ጎብኝተው የሚመለሱ ሰው አልነበሩም፤ በሕይወታቸውም ሳሉ መንገድ ላይ ያገኙትን ቤት ሁሉ ሳይጠይቁ አያልፉም ነበር። ሴቶች ከምንጭ ጊዜው ሳይመሽ እየሮጡ መመለስ ጀመሩ። ውሻ ከጮኸ የሺ ናት። እንስራ ከተሰነጠቀ የሺ ናት። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤት ነጭ ለብሳ አጥሩ ላይ ተደግፋ አየኋት ብላ አገሩን አሸበረችው፤ ያጠብኩት የኔ አንሶላ ነበር። ሄጄ የኔ አንሶላ ነው አልኳት። አየህ፣ ሲያዩአት አንሶላ ትመስላለች አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንሶላዬን ክፍሌ ውስጥ አሰጣ ጀመር።

ልብን የሚያናውጠው ግን የእትዬ ብርቄ ነገር ነበር። እህታቸውን ያህል ነገር ፈሩ። ደጃፋቸው ላይ ቆማ ብትጠራቸው፣ የናታቸው ልጅ ናትና፣ ግቢ ላለማለት እንደማይችሉ ያውቁታል። እንቅልፍ አጡ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እንደ ልማዳቸው ለአየሩ ሳይሆን ለሰዉ ተናገሩ፤ በሬ ይቅር፣ እኛው እናውጣላት አሉ። የሰፈሩ ሰው ይህን ቃል ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ተቀበለው። አንዱ ጠላ፣ አንዱ እንጀራ፣ አንዱ ሽሮ አለ፤ በግ ያለው በግ አለ። ለወራት አንድ ጎረቤት ለአንድ ጎረቤት ያላደረገውን ፍርሃት በአንድ ጠዋት አደረገው። ቄስ አዳሙም ለተዝካር ዋናው ጸሎቱ ነው፣ በሬ ግዴታ አይደለም አሉ። ይህንን ጥር ላይ ቢሉት ኖሮ ምን ነበረበት ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ጥር ላይ ማንም አልጠየቃቸውም።

የሰኔ ጾም ሳይገባ ተዝካሩ ወጣ። ከዋንዛው ሥር ዳስ ተጣለ፤ ካህናቱ ጸለዩ፤ ድሀው በላ፤ ሰዉ ጠላውን እየተቀባበለ ዝናቡ ዘንድሮ ደግ እንደሆነ አወራ። ቦራና ዳልቻ ከዳሱ ጀርባ ታስረው ያመሰኳሉ። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ እነዚህ ግን ያን ቀን ከአራጆቻቸው ጋር ውለው በሰላም አመሹ። እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ያ የበርበሬ መጋዘን ፊልም፣ አስተማሪውም፣ ዘመናዊነቱም ያላዳናቸውን ሁለት በሬዎች አዳናቸው ብዬ፣ ወጣት ነኝና፣ የዓለም ነገር ሁሉ የገባኝ መሰለኝ።

ከዚያ አያ ገላውን አየኋቸው። ዳሱ ጥግ ላይ፣ በገዛ ቤታቸው እንግዳ የሆኑ ይመስል፣ ማዕዱ ፊታቸው ቀርቦ እጃቸውን አልዘረጉም። እትዬ ብርቄ በሞቴ አሏቸው፤ በየሺ ሞት አሏቸው። አልበሉም። ሰዉ ሐዘን ነው ብሎ አለፈ። እኔ ግን አልበላም ያለ እንግዳ ካየሁ ብዙ ቀን አልሆነኝምና ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በሬዎቹ ተረፉልዎ አይደል እንዴ፣ እትዬ የሺም ያሉት ይኸንኑ አልነበር አልኳቸው። ብላኛለች አሉ። ዓይናቸው ሞልቶ ነበር፤ በዚያ ዳስ ውስጥ ደግሞ በርበሬ አልነበረም።

"እንግዲህ አሁን አትመጣም፣ ልጄ" አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ በሩን ሲዘጉት ሰማሁ። መቀርቀሪያው ረጅም ጊዜ ሳይነካ የከረመ ነውና ሲገባ ተንቋቋ። ኩራዙም ጠፋ፤ ስንጥቁ ጨለመ።

ክረምቱን አረሱ። ማሳቸው ያን ዓመት ያማረ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ቦራንና ዳልቻን ሲጠሩ እሰማ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ያው ነበር ብዬ አልዋሽም። ጥቂት ዓመት ኖረው እሳቸውም አረፉ፤ እኔ ያኔ ተቀይሬ ሌላ አገር ነበርኩ። ተዝካራቸው ደማቅ ነበር አሉኝ። እትዬ ብርቄ ራሳቸው ቆመው፣ የአማቻቸውን ነፍስ እንዳያሳፍሩ ብለው ዳልቻን አሳረዱት። ምን ይደረግ።

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነግሬያታለሁ። ፊልሙ አሪፍ ነው የሚመስለው፣ ርዕሱ ማን ነበር አለችኝ። አላስታውስም አልኳት።

የሷ አያት፣ ባለቤቴ፣ ካረፈች እንግዲህ ሰንበት ብሏል። ልጆቼ ደግ ልጆች ናቸው፤ አዳራሽ ተከራይተው፣ ካህናት ጠርተው፣ ወንበሩን ነጭ ጨርቅ አልብሰው፣ አርባዋንም ሙት ዓመቷንም አሳምረው አወጡላት። አንድም ነገር አልጎደለባትም። የምትመጣበት ምክንያት የላትም። ሽማግሌ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም፤ ይህን አውቃለሁ።

ልጄ ትናንት ማታም መጥታ በሩን ቀርቅራልኝ ሄደች። የእግሯ ኮቴ እስኪርቅ ጠበቅሁና ተነሥቼ ከፈትኩት። ዛሬ ጠዋት ስትጠይቀኝ፣ ለነፋስ ነው አልኳት።